ፈቃዱ ያንቺ፣ ሥራውስ የማን?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመርቃ በሳይት መሐንዲስነት ተቀጥራ ትሠራለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታ ዝቅተኛ ደረጃ የሥራ ተቋራጭ ፈቃድ አውጥታለች። እስካሁን የሠሩት ልስን፣ ቀለምና ሴራሚክ ነው። አሁን አንድ ትልቅ ኮንትራክተር «ላሳድግሽ፤ በፈቃድሽ ጨረታ እንግባ፣ ሥራውን እኔ እጨርሰዋለሁ፣ አንቺ ፐርሰንትሽን ትወስጃለሽ» ብሏታል። አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ድርጅቶች የሴቶችንና የአናሳ ወገኖችን ትንንሽ የግንባታ ድርጅቶች አቅፈው እንደሚያሳድጉም አንብባለች። «ይሄስ ያው አይደል ወይ? ወይስ ደመወዜን ይዤ ልቀመጥ?» ትላለች።

እህቴ፣ ያው አይደለም። እንዲያውም የዚያ ተቃራኒ ነው።

ያነበብሽው ኤስቢኤ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት ስለሚያስኬደው ፕሮግራም ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ትልቁና ትንሹ ድርጅት በሽርክና ጨረታ መግባት ይችላሉ። ግን ከሽርክናው ቢያንስ 51% የትንሹ መሆን አለበት። ሽርክናው ከሚሠራው ሥራ ደግሞ ቢያንስ 40% የሚሆነውን ትንሹ ራሱ ይሠራል። ወረቀት ማመላለስና ፊርማ ማኖር ብቻ ሥራ ተብሎ አይቆጠርለትም። ትልቁ ከትንሹ ድርጅት አክሲዮን ልግዛ ቢል እንኳ ከ40% አያልፍም። ይሄ ሁሉ ገደብ ለምን መጣ? ሰውየው ላንቺ ያቀረበው ዓይነት ሐሳብ እዚያም ስላለ ነዋ! ፊት ለፊት የሴት ስም፣ ከኋላ ሌላ ባለቤት።

በፈቃድሽ ሌላ ሰው ሲሠራ ምን እንደሚመጣ አስቢው። ውሉ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው። ግብሩ የሚጠየቀው በአንቺ ቲን ነው። ሴራሚኩ ቢነሳ፣ ጣሪያው ቢያፈስ አሠሪው የሚደውለው ላንቺ ነው። እሱ ያኔ ሌላ ሳይት ላይ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሥራው ሲያልቅ አንቺ የተማርሽው ነገር አይኖርም።

ታዲያ እውነተኛ አሳዳጊ ምን ያደርጋል? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ዋጋ አወጣጡን ያሳያል። ሥልጠናውና ሰርተፊኬቱ አይከፋም፤ ተርነር የሚባለው የአሜሪካ ግንባታ ድርጅት ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትንንሽ ተቋራጮች ትምህርት ይሰጣል። ትንሽ ተቋራጭን የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ የግንባታ እውቀት ማነስ አይደለም፤ የነጠላ ዋጋ (የአንድ ካሬ ወይም የአንድ ሜትር ሥራ ዋጋ) ስህተትና የክፍያ መዘግየት ነው።

ለምሳሌ ልስንን እንውሰድ። አሸዋ፣ ሲሚንቶ፣ ግንበኛና ረዳት ደምረሽ ትርፍ ጨመርሽበት እንበል። ድሬ ላይ ይሄ አይበቃም። በዚህ ሙቀት ልስኑ ቶሎ እየደረቀ ስለሚሰነጠቅ ለቀናት ውሃ ማጠጣት አለብሽ። ሳይቱ ላይ ቧንቧ ከሌለ ውሃው በቦቴ ይገዛል። የሚያጠጣው ሰውም ቀን ይቆጠርለታል። ሠራተኛው በማለዳ ገብቶ ፀሐይ ስትበረታ እጁ ይዝላል። ስለዚህ ለደጋ ከተማ በተሠራ የቀን ምርት ሒሳብ ዋጋ ከሞላሽ በካሬ ሜትር ትከስሪያለሽ። ሥራው ሲሰፋ ኪሳራውም አብሮ ይሰፋል። ይህን ቢሮ ቁጭ ብሎ በራሱ የድሮ ዋጋ ትንተና የሚያሳይሽ ሰው ካገኘሽ እሱን አትልቀቂው።

ክፍያም እንዲሁ ነው። የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ለሠራሽው ሥራ የክፍያ መጠየቂያውን ሰነድ አዘጋጅተሽ፣ አማካሪው አይቶ፣ አሠሪው ፈርሞ ገንዘቡ እስኪገባ ሠራተኛው ቅዳሜ ይጠይቅሻል። በዚያ ላይ ደግሞ ሪቴንሽን፣ ማለትም አሠሪው ለዋስትና ከክፍያሽ ቀንሶ የሚያቆየው ገንዘብ፣ ይያዛል። አሳዳጊሽ «እኔ እስኪከፈለኝ ጠብቂ» የሚል ከሆነ የእሱን ሥራ በአንቺ ገንዘብ እያሠራሽለት ነው።

እና ለሰውየው እምቢ ከማለትሽ በፊት ሌላ ሐሳብ ይዘሽለት ሂጂ። ፈቃዴን አልሰጥም፣ ግን ከያዝካቸው ሕንፃዎች ያንዱን ፊኒሺንግ በሰብ ኮንትራት፣ ማለትም ከዋናው ውል ሥር በራሴ ስም የምሠራው አድርገህ ስጠኝ በይው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም ይጻፍበት። ቴክ ኦፉን (የሥራውን መጠን ከፕላኑ ላይ ለክቶ ማውጣቱን) አብረን እንሥራ፣ ቀጣዩ ጨረታ ላይ ዋጋ ስትሞላ አጠገብህ ልቀመጥ በይው። ማሳደግ የፈለገ ሰው ይሄ አይከብደውም። ካኮረፈ ደግሞ መልስሽን አግኝተሻል።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። እዚህ አገር ማን ምን ሥራ እንዳለው የሚወራው ከምሳ በኋላ ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ ነው። ሴቶች ደግሞ እዚያ ክብ ውስጥ የሉበትም፣ ቢኖሩም ጥቂት ናቸው። ኧረ አቦ፣ በዚህ ምክንያት ስንት ሥራ አምልጧችኋል! የአሳዳጊ አንዱ ጥቅም ወሬውን በጠዋቱ ቢሮ ማምጣቱ ነው። ይሄንንም በግልጽ ጠይቂው።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጀ፣ በመንግሥት ጨረታ ለማስከበሪያ በሚያዘው ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ፈንታ ያደራጀው መሥሪያ ቤት የሚጽፈው የዋስትና ደብዳቤ የሚያዝበት አሠራር አለ። የጨረታ ሰነዱን አንብበሽ አረጋግጪ። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክትም ብድርና ሥልጠና ሲሰጥ ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች አንዷ ድሬ ነበረች። ብድሩን ግን አንድ ሥራ ጨርሰሽ ገንዘቡ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ካየሽ በኋላ አስቢው።

ደመወዙን በተመለከተ፣ አሁን አትልቀቂ። ጓደኞችሽ ሳይቱን ይያዙ፣ አንቺ ማታ ማታ ዋጋውንና የክፍያ ሰርተፊኬቱን ሥሪ። ቀጣሪሽ ግን ይወቅ። የራስሽን ጨረታ ከእሱ ጨረታ ጋር አታጋጪ። አሜሪካኖቹ ኤይት ኤ በሚሉት ሌላ ፕሮግራማቸው አንድን ትንሽ ድርጅት እስከ 9 ዓመት ይዘው ያቆዩታል። አንቺ ያን ያህል ላትፈልጊ ትችያለሽ፤ ሁለት የሰብ ኮንትራት ሥራ በትርፍ ዘግታችሁ የሦስት ወር የሠራተኛ ክፍያ ባንክ ውስጥ ሲቀመጥ መልቀቂያሽን ጻፊ።