በኤአይ ማኅበራዊ ተጽዕኖ ላይ ለመመራመር ገንዘብ ከየት ይገኛል? ጥያቄና መልስ

የምርምር ፕሮፖዛል በመጻፍም በመገምገምም ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) በሰው ኑሮ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ማጥናት የፈለጋችሁ ዩኒቨርሲቲዎች የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ገንዘቡን የሚሰጠው ማነው?

መንግሥታት፣ ፋውንዴሽኖች፣ ኩባንያዎችና ባለጸጎች ናቸው። የብሪታንያው ሊቨርሁልም የበጎ አድራጎት ድርጅት ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥቶ በ2016 የኤአይ ጥናት ማዕከል ተከፍቷል። ስዊድን ውስጥ የዋለንበርግ ፋውንዴሽኖች ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሂዩማኒቲስ (እንደ ታሪክና ፍልስፍና ላሉ ዘርፎች) ተመራማሪዎች 660 ሚሊዮን ክሮና መድበዋል። ይህኛው ደስ ይለኛል፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለማኅበራዊ ተመራማሪዎች ነው የተሰጠው። ብዙ ጊዜ እነሱ ከኮምፒውተር ሰዎች የተረፈውን ነው የሚያገኙት።

ከቴክኖሎጂ ኩባንያ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው?

ነውር አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ፌስቡክ በ2019 ለሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የኤአይ ሥነ ምግባር ተቋም 7.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ ብዙ ትችት ተነሥቷል። ተጠኚው አጥኚውን ሲከፍል ሰው መጠራጠሩ ተገቢ ነው። በዚያው ዓመት አማዞን ከአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ጋር ተጣምሮ ለፍትሐዊ ኤአይ ጥናት ገንዘብ መድቧል። እዚያ ላይ አሸናፊውን የመምረጡ ሥልጣን የፋውንዴሽኑ ነበር። ትችት አልቀረለትም፤ ቢያንስ ግን ከፋዩ መራጭ አልሆነም።

እኔ ከገንዘቡ መጠን በፊት ውሉን ነው የማነበው። «ከመታተሙ በፊት ለ30 ቀን አይተን አስተያየት እንሰጣለን» የሚል አንቀጽ የተለመደ ነው፤ ችግር የለውም። «ያለ እኛ የጽሑፍ ፈቃድ አይታተምም» ካለ ግን አትፈርሙ። ልዩነቱ አንዲት ቃል ናት፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ይህን የዩኒቨርሲቲው የሕግ ክፍል ያየዋል ብላችሁ አትተዉት። ራሳችሁ አንብቡ።

ትልልቅ ኮምፒውተር የለንም። ምን ይዘን እንወዳደራለን?

ጥያቄያችሁን ይዛችሁ! ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ በ2018 ያወጡት ጥናት የ1,270 የፓርላማ አባላትን ፎቶ ሰብስቦ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ፣ ለገበያ የቀረቡ ሦስት ፕሮግራሞችን መፈተሽ ነበር። ፕሮግራሞቹ የነጣ ቆዳ ያላቸውን ወንዶች ጾታ ሲለዩ ስሕተታቸው ቢበዛ 0.8 በመቶ ነው። ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ያ ጥናት ኩባንያዎችን አስደንግጧል፤ ግዙፍ ኮምፒውተር ግን አልጠየቀም።

ገምጋሚ ፕሮፖዛል ሲጥል ምን አይቶ ነው?

ስፋቱን። «ኤአይ በማኅበረሰቡ ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ ለማንም አይገባም። «የሥራ ማመልከቻ የሚያጣራ ሶፍትዌር የጣላቸው ሰዎች አቤት የሚሉት ለማን ነው?» ብትሉ ግን ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ሌላው፣ በመጨረሻው ሳምንት ስሙ የገባ የሶሺዮሎጂ ባለሙያ ወዲያው ይታወቃል። በጀቱ ላይ ሰባራ ሳንቲም የለውማ።

በጀት ላይ ሰው የሚረሳው ምንድነው?

ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ አስተርጓሚ፣ ለተሳታፊዎች የጊዜ ካሳ። የዩኒቨርሲቲው የአስተዳደር ወጪም አለ። በአውሮፓ ኅብረቱ የምርምር ገንዘብ ፕሮግራም በሆራይዘን ዩሮፕ በመደበኛው ስሌት ከቀጥታ ወጪው 25 በመቶ ይታሰባል፤ 100,000 ዩሮ ቢሆን 25,000 ይጨመርበታል።

ገንዘቡን አግኝተን ዳታ ብንከለከልስ?

ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። ትዊተር በ2023 ነጻውን የዳታ መዳረሻ ሲዘጋ ብዙ ጥናት መንገድ ላይ ቀርቷል። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ በአንቀጽ 40 የተፈቀደላቸው ተመራማሪዎች ከትልልቅ የኢንተርኔት መድረኮች ዳታ እንዲጠይቁ በር ከፍቷል። ከዚያ ውጭ ያላችሁ ግን ፕሮፖዛሉን ከማስገባታችሁ በፊት ከዳታው ባለቤት የስምምነት ደብዳቤ ያዙ። ሁለተኛ መንገድም ጻፉ፤ መድረኩ ቢዘጋ ከተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በፈቃዳቸው የምትሰበስቡበትን። ገምጋሚም ይህን ሲያይ ልቡ ያርፋል።