የጥንዚዛ ስባሪ እና የጥንት ሙቀት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ከጥንት ደለል የወጣ የጥንዚዛ ስባሪ የዚያን ዘመን ሙቀት በዲግሪ ያሳያል ይባላል። እንዴት?

መልስ፦ ጥንዚዛዎች የአየር ንብረት ሲለወጥባቸው መልካቸውን ሳይሆን አገራቸውን ቀይረዋል። በብሪታንያ የበረዶ ዘመን ደለል ውስጥ የተገኘው አፎዲየስ ሆልደረሪ የተባለ ጥንዚዛ ዛሬ የሚኖረው ቲቤት አምባ ላይ ነው። ስለዚህ ዝርያው ከታወቀ ዛሬ የሚችለው ሙቀት ያኔም ይችለው ነበር ተብሎ ይወሰዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪዎቹ አትኪንሰን፣ ብሪፋ እና ኩፕ ባሳተሙት ስሌት የእያንዳንዱ ዝርያ የሙቀት ክልል ይወሰድና ሁሉም የሚጋሩት ክፍል ይፈለጋል። ለምሳሌ አንዱ በሞቃቱ ወር ከ9 እስከ 15፣ ሌላው ከ12 እስከ 18 ዲግሪ የሚችል ከሆነ መልሱ ከ12 እስከ 15 ነው። ተክል በሊታዎቹ ከስሌቱ ይወጣሉ፤ እነሱን የሚወስነው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የሚመገቡት ተክል መኖሩም ነውና። የክረምቱን ቅዝቃዜ ግን በጥንቃቄ ይያዙት፤ ብዙዎቹ ክረምቱን አፈር ወይም በረዶ ሥር ስለሚያሳልፉ የሚወጣው አኃዝ ሰፊ ነው።

ጥያቄ፦ ስባሪውን ከጭቃው የምንለየው እንዴት ነው? የእኛ ናሙና ተንሳፍፎ የወጣው ቅጠላ ቅጠል ብቻ ሆነ።

መልስ፦ ስባሪው የሚለየው ነጭ ጋዝ አልብሶ ውሃ ላይ በማንሳፈፍ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ለራዲዮካርበን (በቀረው የካርበን 14 መጠን ዕድሜን ለሚለካው ምርመራ) የሚላከውን ክፍል ለይታችሁ አስቀምጡ። ነጭ ጋዝ የነዳጅ ውጤት ስለሆነ ካርበን 14 የለውም፤ ናሙናው ከነካው ዕድሜው ከእውነተኛው በላይ ያረጀ ሆኖ ይወጣል። ይህ ስህተት በኋላ የሚታረም አይደለም።

ከ5 እስከ 10 ሊትር እርጥብ ደለል ውሰዱ፤ አይድረቅ፣ የደረቀ ስባሪ ይጠቀለላል፣ ይሰነጠቃል። ጭቃው ከጠነከረ ሶዲየም ካርቦኔት በተጨመረበት ሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት። ከዚያ ቀዳዳው 0.3 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት እጠቡ፣ ውሃውንም በደንብ አንጠፍጥፉ። ብዙ ጊዜ ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃ ያቋጠረ ዝቃጭ ነጭ ጋዙን ስለማያስጠጋ ስባሪው ዘይት ሳይለብስ ይቀራል። ነጭ ጋዝ አፍስሳችሁ በእጅ ቀስ እያደረጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ አዋህዱ፤ በኃይል ካሻችሁት ስስ ክንፉ ይደቃል። ትርፉን ጋዝ ቀድታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉበት፤ ዘይት የለበሰው የነፍሳት ሽፋን ወደ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛው የተክል ቅሪት ይሰጥማል። የተንሳፈፈውን በወንፊት ተቀብላችሁ በሳሙና እና በሙቅ ውሃ፣ በመጨረሻም በአልኮል እጠቡት። ማንሳፈፉን ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ሥራው ሁሉ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ ይሁን።

በማይክሮስኮፕ ሥር የሚፈለጉት ጭንቅላት፣ የደረት ጋሻ እና ጠንካራው የላይ ክንፍ ናቸው። ተቀራራቢ ዝርያዎች ሲያወዛግቡ የወንዴው ብልት ይለያቸዋል፤ እድል ከቀናችሁ ሆዱ ውስጥ እንዳለ ይገኛል።

ጥያቄ፦ የጥንዚዛው ውጤት በደለሉ ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝ ስለዘመኑ ዕፅዋት ከሚያሳየው ጋር ቢጋጭስ?

መልስ፦ ወዲያው ስህተት አትበሉት። በእንግሊዝ አፕተን ዋረን በተባለ ስፍራ ሞቃት አየር የሚወዱ ጥንዚዛዎች ተገኝተዋል፤ የዛፍ ምልክት ግን የለም ማለት ይቻላል። ጥንዚዛ በርሮ ይደርሳል፣ ደን ደግሞ ዘግይቶ ይከተላል።

ከሐይቅ የተወሰደ ቀጭን የደለል ዓምድ ብቻ ካላችሁ ግን ለጥንዚዛ አይበቃም። በምትኩ ሙቀትን የሚያመለክቱትን፣ ቺሮኖሚድ የተባሉ የማይናከሱ ትንኞች እጭ ጭንቅላት ፈልጉ፤ ጥቂት ግራም ደለል በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይታከምና 0.09 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ ይታጠባል። ከአንድ ንብርብር ቢያንስ 50 ያህል ጭንቅላት መቆጠር አለበት፤ ከዚያ ካነሰ አጎራባቹን ንብርብር አብራችሁ ቁጠሩት።