ቢዝነስ ምን ይከብዳል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አሜሪካ ውስጥ ቢዝነስ ስለ መማር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉልኝ እናት ልጃቸው ፊላደልፊያ፣ ፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ዋርተን ሁለተኛ ዓመት ናት። ክፍል የምትገባው በሳምንት 15 ሰዓት ገደማ ነው። ቅዳሜ መጥታ ሱቁን እንድታግዝ ሲጠይቋት ግን ጊዜ የለኝም ትላለች። «ሕክምና ብታጠና ይገባኝ ነበር፤ ቢዝነስ ምን ይከብዳል?» ይላሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። ዋርተን በ1881 የተከፈተ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ነው። ካልኩለስ አለ፣ ስታቲስቲክስ አለ፣ አካውንቲንግና ፋይናንስ አለ። ለመመረቅ 37 ክሬዲት ይጠየቃል፤ በሴሚስተር አራት አምስት ኮርስ መሆኑ ነው። በአሜሪካ አሠራር ደግሞ ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ይታሰባል። ስለዚህ ያ 15 ሰዓት 45 ሆነ ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ ዋናው ሸክም መጽሐፉ አይደለም። በሂሳብ በኩል ኢንጂነሪንግ ይብሳል። የሚያደክመው ከክፍል ውጭ ያለው ነው። አምስት ልጆች ማታ አራት ሰዓት ላይ አንድ ጠረጴዛ ከበው ለነገ ጠዋት ፕሬዘንቴሽን የኤክሴል ሰንጠረዥ ያስተካክላሉ፤ አንዷ ከቀረች የሁሉም ማርክ ይነካል። ክለብ ለመግባት እንኳ ኢንተርቪው አለ። ትልልቆቹ ባንኮች ደግሞ ለሦስተኛ ዓመት የሰመር ኢንተርንሺፕ ተማሪ (በክረምት ለሚሠራው የሥራ ልምምድ) መመልመል የሚጀምሩት ገና በሁለተኛው ዓመት ነው። የእርስዎ ልጅ አሁን ያለችው እዚያ ላይ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አባቱ ዎል ስትሪት የሚሠራ ልጅ ይህንን ሁሉ ከቤቱ ሰምቶ ይመጣል። የእኛ ልጆች የሚሰሙት ካለፈ በኋላ ነው። አጥንተው ኤ ያመጣሉ፤ የኢንተርንሺፕ ማመልከቻው ግን ባለፈው ወር ተዘግቷል። ማንም አልነገራቸውም። እባክዎ «ለምን አትመጪም?» ማለቱን ይተዉና «ማመልከቻው መቼ ነው የሚዘጋው?» ብለው ይጠይቋት። በእነዚያ ሳምንታት ለቅሶም ሰርግም ቢመጣ እርስዎ ይድረሱላት። ከቤተ ክርስቲያንም ከሥራ ቦታም ፋይናንስ ውስጥ ያለ ሰው የሚያውቁ ከሆነ ያገናኟት።

ጥያቄ፦ ማክ ልግዛ ዊንዶውስ?

መልስ፦ ዊንዶውስ። ኤክሴል እዚያ ላይ ይቀላል።

ጥያቄ፦ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ያለው የቢዝነስ ትምህርት ቤት፣ ሀስ፣ የሚገባው ሁለተኛ ዓመት ላይ ተወዳድሮ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ድሮ ነው። ከ2024 ጀምሮ ከሃይስኩል በቀጥታ ይቀበላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የሚማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሂሳብ ስለማይወድ ቢዝነስ እንደሚሻለው ወስኗል። ፔን (ፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ) ብቻ ነው የሚያመለክተው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሂሳብ ለመሸሽ ከሆነ በሩን ተሳስተሃል። ዲሪቬቲቭና ኢንቲግራል ካልገባህ አሁኑኑ ጀምር፤ ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። ፔን ደግሞ የውጭ አገር አመልካች ሲቀበል የገንዘብ እርዳታ መጠየቁን ከግምት ያስገባል። አንድ ቦታ ብቻ ማመልከት አያዋጣህም።

ጥያቄ፦ ቤት ስላለን ለልጃችን ትምህርት የገንዘብ እርዳታ አናገኝም? (ከቨርጂኒያ፣ አባት)

መልስ፦ ፔን ከ2025 መኸር ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ዋጋን አይቆጥርም። ገቢያቸው እስከ 200,000 ዶላር ለሆነና ሀብታቸው ከተለመደው ላልበለጠ ቤተሰቦችም የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል። ሌላው ትምህርት ቤት ይለያል፤ ዝርዝሩን የእርዳታ ቢሮውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። አካውንቲንግ ሚድተርም ወደቀ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም፣ ምግብ አይበላም። ቤተሰቡ ብዙ ስለከፈለለት ለማንም መናገር አልቻለም።

መልስ፦ ይሄንን እኔ በጽሑፍ አልመልስልህም። ዛሬውኑ የዩኒቨርሲቲህ የምክር አገልግሎት ጋ ደውል። ነገ አትበል። ሌሊት ከከበደህ፣ በተለይ መኖር ካስጠላህ፣ አሜሪካ ውስጥ ወደ 988፣ የጭንቅ ጊዜ የእርዳታ ስልክ፣ ደውል፤ ሃያ አራት ሰዓት ሰው አለ። ለአማካሪ የምትነግረው ነገር፣ ለሕይወትህ የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር፣ ቤተሰብህ ጋ አይደርስም። ከዚያ አድቫይዘርህን አናግር። ኮርሱን ማቋረጥ የሚቻልበት ቀን አለ፤ ሳያልፍ ጠይቅ። ተደራርበው የመጡ ፈተናዎች ካሉህም ለፕሮፌሰሮቹ ጻፍላቸው። ከደወልክ በኋላ ደግሞ አንድ መስመር ጻፍልኝ።