ጣና አጠገባችን ሆኖ ቧንቧው ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ህዳሴ ግድብ ተመርቋል፣ ጣናም ቅርባችን ነው። እኛ ግን ዛሬም ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ውሃውም አብሮ ይጠፋል፤ መብራቱ ከመጣ በኋላስ ለምን ይዘገያል?

መልስ፦ እህታችን፣ ይሄ የብዙ ጎንደሬ ብሶት ነው። ህዳሴ ግድብ የተሠራው ለመብራት ነው፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከጉባ የሚነሳው ኤሌክትሪክ ግን አንቺ ጋ እስኪደርስ በከፍተኛ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በትራንስፎርመርና በሰፈር ምሰሶ ያልፋል፤ ከነዚህ አንዱ ከተበላሸ ተርባይኑ እየዞረም ቤትሽ ጨለማ ነው።

ጣና ደግሞ ከታች ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፣ መሀል ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 50 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ 300 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት ምንም ሳይባክን እንኳ ከ0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ለከተማ ሙሉ ሲሆን አስቢው!

የከተማችን ዋና ግድብ አንገረብ ነው፤ የሱ ሕመም ደለል ነው። ክረምት ላይ ከላይ ካለው ተዳፋት እርሻ የሚወርደው ጎርፍ አፈር ይዞ ይመጣል። ወንዙ ኩሬው ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አሸዋው መግቢያው ላይ ይቀራል፣ ደቃቁ ጭቃ ግን እስከ ግድቡ ግንብ ድረስ ሄዶ ይረጋል። ደለል የያዘው ቦታ ውሃ አይይዝም፤ ለበጋ የሚተርፈው በየዓመቱ እያነሰ ይሄዳል። መገጭ ለመስኖና ለመጠጥ ውሃ የታሰበ ግድብ ነው፣ ግን ግንባታው ስንት ዓመት ፈጀ! እሱን ስንጠብቅ የአንገረብን ተፋሰስ በእርከንና በዛፍ ካልጠበቅን፣ በእውነት ያሳዝናል፣ ያለንንም እናጣለን። መገጭም ቢሆን ከደለል አያመልጥም።

ስለ መዘግየቱ፦ ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ የሰፈሩ ማጠራቀሚያ መሙላት፣ ከዚያ ባዶ የቀረው ቧንቧ መሙላት አለበት፤ ከፍታ ላይ ያሉ ቤቶች መጨረሻ ላይ ይደርሳቸዋል። መጀመሪያ የሚወርደው ቡናማ ውሃ ከቧንቧው ውስጥ የተነሳ ዝገትና አፈር ነው። እሱን ለመጸዳጃ ቤት አድርጊው። ቧንቧ ባዶ ሲሆን በስንጥቁ ቆሻሻ ሊስብ ስለሚችል፣ ከጠራም በኋላ የሚጠጣውን አፍልተሽ ተጠቀሚ።