ካሺ፣ ባናራስ፣ ቫራናሲ፤ ስንት ከተማ ናት?

ጥያቄ፦ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ጂኦግራፊ ያስተማሩን ህንዳዊ መምህር የትውልድ ከተማቸውን አንድ ቀን «ካሺ»፣ ሌላ ቀን «ባናራስ» ይሏት ነበር። የልጅ ልጄ አትላስ ደግሞ በዚያው በጋንጀስ ዳር «ቫራናሲ» ይላል። ስንት ከተማ ናት? በቴሌቪዥን ሳያትም ሕንጻው ሁሉ በወንዙ አንድ ዳር ብቻ ነው። ማዶውን ማን ከለከላቸው?
ጡረተኛ አንባቢ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ጋሼ፣ አንዲት ናት። ካሺ ጥንታዊ ስሟ ሲሆን ከብርሃን ጋር የተያያዘ ትርጉም አለው፤ ምእመናኑ ዛሬም በዚሁ ይጠሯታል። ቫራናሲ የሚለው ቫሩናና አሲ ከተባሉት ሁለት ገባር ወንዞች የመጣ ነው ይባላል፤ መንግሥት ይፋዊ ስም ያደረገው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ነው። ባናራስ የሕዝቡ አጠራር ነው። መምህርዎን አይፍረዱባቸው፤ እርስዎስ ቢሆኑ አድራሻዎን «ደጎል አደባባይ» ብለው መች ጻፉልን?

ወደ ማዶው ልምጣ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርደው ጋንጀስ እዚህች ከተማ ሲደርስ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ምዕራባዊው ዳር ከፍ ያለ ስለሆነ ፀሐይ ስትወጣ ፊት ለፊት ያገኛታል። ማዶው በክረምት ውኃ የሚውጠው አሸዋ ነው። ስለዚህ ከ80 የሚበልጡት፣ «ጋት» የሚባሉት የድንጋይ ደረጃዎች በሙሉ በዚህኛው ዳር ናቸው።

ደልሂ ተማሪ ሳለሁ በባቡር ሄጄ ንጋት ላይ ጀልባ ተከራየሁ። ማኒካርኒካ በተባለው ጋት አስከሬን ሲቃጠል አየሁ፤ ማገዶው እንደ ቤት ተቆልሎ በትልቅ ሚዛን እየተመዘነ ይሸጣል። እዚያ የሞተ ሰው ዳግም ከመወለድ ዑደት ነፃ ይወጣል ብለው ስለሚያምኑ ሽማግሌዎች ለመሞት ብለው ከሩቅ ይመጣሉ። ደብረ ሊባኖስ ለመቀበር ሲናዘዙ የሰማናቸውን አያቶቻችንን አስታወሱኝ። እምቢ ያለም አለ። የከተማዋ ሸማኔና ባለቅኔ ካቢር «እዚያ የሞተ አህያ ሆኖ ይወለዳል» ወደሚባልባት ወደ ማግሃር ሄዶ፣ ሆን ብሎ እዚያ እንደሞተ ይተረካል።

ያልጠበቅሁት ግን የሕንጻዎቹን ዕድሜ ነበር። ቡድሃ በአቅራቢያዋ ሳርናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰብክ ካሺ የታወቀች ስፍራ ነበረች፤ ሆኖም ከጀልባ የሚታየው አብዛኛው ግንብ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የተሠራ ነው። ታላቁ የቪሽዋናት ቤተ መቅደስ በ1669 በንጉሥ አውራንግዜብ ትእዛዝ ፈርሷል፤ ዛሬ ያለውን ያሠራችው ንግሥት አሂሊያባይ ሆልካር ስትሆን ያለቀው በ1780 ነው። ላሊበላ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ይቀድመዋል!

ከጀልባው ወርጄ በሸክላ ስኒ ሻይ ጠጣሁ። ሻዩ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። ስኒውን ልመልስ ስል ሻጩ መሬት ላይ እንድከሰክሰው በእጁ ጠቆመኝ፤ እዚያ ልማዱ ነው። እናቴ ስኒ የሰበረን ልጅ ምን ታደርግ እንደነበር ስለማውቅ እጄ እምቢ አለኝ። በመሐረብ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ፤ አሁን አራት ኪሎ፣ ጠረጴዛዬ ላይ መርፌ ቁልፍ ይዞ ተቀምጧል። በዚህ በኩል ካለፉ ብቅ ብለው ይዩት።