«ራን» ሲባል ሁሌ መሮጥ አይደለም

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኔ እንኳን እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት አንድ ማስታወቂያ ሰርቼ ልለቀው ስል አለቃዬ «ራን ኢት ባይ ሚ ቢፎር ዩ ራን ኢት» ብሎ ጻፈልኝ፣ እኔ ደግሞ ራን ሩጫ ነው፣ በቃ ፍጠኚ ማለቱ ነው ብዬ ወዲያው ለቀቅኩት። ተቆጣኝ በጣም። ዲክሽነሪ ከፍቼ ሳይ የዚች «ራን» (run) የምትባል የ3 ፊደል ቃል ነገር አላልቅ አለኝ። ቆይ ስንት ትርጉም ነው ያላት? ሁሉንም ልሸምድድ ነው?
ግራ የገባት

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ አለቃሽ ያለሽ «ከማውጣትሽ በፊት አሳዪኝ» ነው። የመጀመሪያው ራን ከ«ባይ» ጋር ሲሆን አንድን ነገር ለሰው አሳይቶ አስተያየቱን መስማት ማለት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ማስታወቂያ ወይ ዜና ማውጣት። በአንድ መስመር ሁለቴ ተጠቀመበት፣ ሁለቱም ሩጫ አልነበሩም። እውነቱን ለመናገር እሱም ቀለል አድርጎ ቢጽፍልሽ ምን ነበረበት።

ስንት ትርጉም ነው ላልሽው፣ ተቀመጪና ስሚ፣ የኦክስፎርድ ኢንግሊሽ ዲክሽነሪ አዘጋጆች እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ቃሉን እንደ አዲስ አይተው ሲጨርሱ ግሱ ብቻውን 645 ትርጉም ይዞ ተገኘ። ስራውን የያዘው ፒተር ጊሊቨር የሚባለው አዘጋጅ 9 ወር ነው የፈጀበት፣ አንድ እርግዝና በለው። ከዛ በፊት በ1989ኙ ሁለተኛ እትም ሪከርዱን የያዘችው ማስቀመጥ የሚል ትርጉም ያላት «ሴት» (set) ነበረች፣ 430 ትርጉም ነበራት (በኛ ፊደል ስትጻፍ ሌላ ነገር ትመስላለች፣ ምን ላርግ)።

ስለዚህ ሽምደዳውን ተይው። እኔ የምጠቀምበት አንድ ዘዴ አለ፣ ራንን ስታዪ በሆድሽ «ሮጠ» አትበይ፣ «ሄደ» በይ፣ ሌላውን የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ደግሞ «አስኬደ» በይ። እስቲ አስቢው፣ በአማርኛ ድርጅት የሚመራውን ሰው ምንድነው የምንለው? ሥራ አስኪያጅ። ሥራን የሚያስኬድ! እነሱ ድርጅቱን ያስሮጡታል እኛ እናስኬደዋለን፣ ልዩነታችን ፍጥነት ላይ ብቻ ነው። ስብሰባ ይካሄዳል፣ መኪናው አልሄድ አለ፣ መንገዱ ወንዙን ይዞ ይሄዳል፣ እነዚህን ሁሉ እነሱ በራን ነው የሚሏቸው። ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ራን ያደርጋል፣ ሐኪም ምርመራ ራን ያደርጋል፣ አውቶቡስ በየግማሽ ሰዓቱ ራን ያደርጋል። ሮጠ ብለሽ ብትተረጉሚው ያስቃል፣ በሄደ በኩል ከመጣሽ ግን ባይገጥም እንኳን ወደ ትርጉሙ ያደርስሻል።

በሄደ የማይፈታው ደግሞ በ«ፈሰሰ» ይፈታል። ብዙ ሰው አፍንጫ እንዴት ይሮጣል ብሎ ይስቃል፣ ግን የቃሉ የጥንት አባት «ሪናን» መሮጥም መፍሰስም ነበር፣ ጀርመኖች እስከዛሬ ለየብቻ ይዘዋቸዋል፣ «ሬነን» መሮጥ «ሪነን» መፍሰስ። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ከረጢት ከተተና አፍንጫ ሲፈስ፣ ቧንቧ ሲወርድ፣ ልብስ ሲታጠብ ቀለሙ ሲለቅ፣ ማስካራ በእንባ ሲንጠባጠብ ሁሉም ራን ሆነ። አንድ ጠባይ ወይ በሽታ በቤተሰቡ ውስጥ ራን ያደርጋል ሲሉም በደማቸው አለ፣ በዘር ይወርዳል ማለታቸው ነው፣ «ይወርዳል» የምንለው እኛም እኮ እንደ ውሃ አድርገነው ነው።

ዋናው መጠንቀቂያ ያለው ግን ከኋላ የምትለጠፈዋ ትንሽ ቃል ላይ ነው። አንድ ጓደኛዬ የሚሰራው ከውጭ ሰው ጋር ነው፣ የባልደረባውን አባት መንገድ ላይ ድንገት አግኝቷቸው በማግስቱ «አባትህን ራን ኢንቱ አደረግኳቸው» ሊል ሲገባው «ራን ኦቨር» አለና ሰውዬው ፊቱ ነጭ ሆነ። ራን ኢንቱ ለሰው ሲሆን ድንገት መገናኘት ነው፣ ራን ኦቨር በመኪና ሄድኩባቸው ነው። ደግነቱ አባትየው ያን ቀን ማታ ለልጃቸው ደውለው ነበር።

«ራን አውት ኦፍ» ደግሞ ማለቅ ነው፣ እዚህ ጋ የብዙዎቻችን ችግር ባለቤቱ መገልበጡ ነው። እኛ ባትሪው አለቀብኝ፣ ጊዜ እያለቀብን ነው እንላለን፣ የሚያልቀው ባትሪውና ጊዜው ነው፣ እኛ በ«ብኝ» እና በ«ብን» ጫፍ ላይ ተንጠልጥለን ነው የምንገባው። እነሱ ግን ሰውየውን ፊት ያመጡትና «እኔ ከጊዜ ራን አውት አደረግኩ» ይላሉ። ስለዚህ «ብኝ» ያለበትን አማርኛ ወደዛ ስታዞሪ «እኔ»ን አውጥተሽ መጀመሪያ ላይ አስቀምጪያት፣ ብዙ ጊዜ ይሰራል።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ አሜሪካ ውስጥ ለምርጫ «ራን» ያደርጋሉ፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን «ስታንድ» ነው የሚሉት። አንዱ ሮጦ አንዱ ቆሞ እንዴት ነው አንድ ነገር የሚሆነው?

መልስ፦ ሃሃ፣ ጥሩ አየህ። ሁለቱም ተወዳደረ ነው። አሜሪካኑ እንደ ሩጫ ውድድር ነው የሚያየው፣ እንግሊዙ ደግሞ ለእጩነት ሰው ፊት መቆሙን። እንደዚህ የሚለያዩበት ሌላም አለ፣ ቀይ መብራት ጥሶ ማለፍ ለአሜሪካኑ ራን ነው ለእንግሊዙ «ጃምፕ»፣ ስቶኪንግ ሲተረተር አሜሪካኗ ራን ትለዋለች እንግሊዟ «ላደር»፣ መሰላል ማለት ነው፣ የተተረተረውን ስታየው እውነትም መሰላል ይመስላል።

ጥያቄ፦ «አይ ሃቭ ራን» ሲባል የትኛው ራን ነው? ሁሌ እንደተምታታብኝ ነው።

መልስ፦ የሚያምታታህ ፊደላችንም ነው ወንድሜ፣ የአሁኑም ያለፈውም ሲጻፍ ያው ራን ነው። በእንግሊዝኛው የአሁኑ መሃሉ «ዩ» ነው፣ ያለፈው «ኤ»። ከ«ሃቭ» በኋላ የሚመጣው በ«ዩ» የሚጻፈው ነው፣ ማለትም ሶስተኛው ተመልሶ የመጀመሪያው ይሆናል። አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱትም ሲያወሩ በ«ኤ»ው ሲሉት ትሰማለህ፣ አንተ ግን ፈተና ላይ እንዳትጽፈው።