«የአባቴ ልብ ይፈነዳ ይሆን?»

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ከ7 ሳምንት በፊት ሃርት አታክ ይዟቸው ነበር። የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤታቸው የልባቸው ጫፍ ግድግዳ ሳስቶ ወደ ውጭ እንደተነፋ፣ አፉ ሰፊ እንደሆነና ውስጡ የረጋ ደም እንዳለ ይላል። ዋርፋሪን ቢታዘዝላቸውም «ደም ያቀጥናል፣ አቅም ያሳጣል» ብለው ትተውታል፤ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት ይበላሉ። ሰሞኑን ቀኝ እጃቸው ከዳቸው፣ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ምች ነው ብለን በዳማከሴ ስናሻቸው በሩብ ሰዓት ተሻላቸው። እኔ ግን ልባቸው ይፈነዳል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እንቅልፍ ከነሳዎት ነገር ልጀምር። «ተነፋ» ሲባል ፊኛ ትዝ ይላል፤ ልባቸው ግን ፊኛ አይደለም። ከሃርት አታክ በኋላ የልብ ግድግዳ የሚቀደደው በአብዛኛው በመጀመሪያው ሳምንት፣ የሞተው ጡንቻ ገና ለስላሳ ሳለ ነው። አሁን ቦታውን ጠባሳ ይዞታል፤ ጠባሳ ይለጠጣል እንጂ የሚቀደደው ከስንት አንዴ ነው። ኢኮ የሠራው ባለሙያ የእብጠቱን አፍ ለይቶ የጻፈውም በከንቱ አይደለም። አፉ ጠባብ ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ተቀዶ ደሙን ያገደው የልብ ሽፋን ብቻ ነው ብለን እንጠረጥር ነበር፤ ያ ለቀዶ ሕክምና ያስቸኩላል። የአባትዎ ሰፊ ነው። ስለ መፈንዳቱ ይረጋጉ።

ስለ እጃቸው ግን አይረጋጉ። ይህ ምች አይደለም! የተነፋው ክፍል ስለማይኮማተር ደም እዚያ እንደ ኩሬ ውሃ ይተኛል፣ ይረጋል። ከረጋው ላይ ቁራጭ ተነቅሎ ወደ አንጎል ሲሄድ እጅ ይዝላል፣ አፍ ይጣመማል፣ ንግግር ይኮላተፋል። የተሻላቸው ዳማከሴው ስለሠራ ሳይሆን ቁራጩ ትንሽ ስለነበረ ሳይሆን አይቀርም። ቀጣዩ ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ አደጋው የሚበረታውም በነዚህ ቀናት ነው። ምች ነው እየተባለ ሦስት ቀን ሲታሽ ሰንብቶ፣ ግማሽ አካሉ ከማይመለስበት ደረጃ ደርሶ ስንቱን ሰው ተቀብለናል! አፍ ሲጣመም ወይም እጅ ሲከዳ ቅጠል አይፈለግም፣ መኪና ነው የሚፈለገው።

ዋርፋሪኑን ማን አስቆማቸው? ሐኪም አይደለም። «ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስም አሳስቶን እንጂ ደምን አይቀንስም፤ መርጋቱን ነው የሚከላከለው። ነጭ ሽንኩርት የረጋን ደም አያሟሟም። መድኃኒቱ በሥርዓት ከተወሰደ፣ በ3 ወር ገደማ ኢኮ ሲደገም የረጋው ደም ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ይገኛል።

ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ቤት የተረፈውን ዋርፋሪን በራስዎ አያስጀምሯቸው፤ አንጎል ውስጥ ደም አለመፍሰሱ መጀመሪያ በሲቲ ስካን መታየት አለበት። የኢኮውን ወረቀት ይያዙ። እጃቸው የከዳበትን ቀንና ሰዓት፣ ዋርፋሪኑን ለመጨረሻ ጊዜ የዋጡበትንም ቀን ጽፈው ለተረኛው ሐኪም ይስጡ።